ገደል አፋፍ ላይ ያቆምኩት የፕላስቲክ መንደር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከደባርቅ ወጣ ብሎ ካለ ገደል አፋፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነበር... ማንም አልጣለኝም፣ በፈቃዴ ነው። ከፊቴ አንድ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ደግሞ አሥር ቤት ያለው መንደር ቆሟል። ሁሉም ከመጫወቻ የፕላስቲክ ጡብ የተገጣጠመ ነው፤ ግንቡ ራሱ ከጉልበቴ አያልፍም።

ለማታውቁኝ፣ በሥራዬ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከሥራ ውጪ ደግሞ የመጫወቻ ጡብ ገምጋሚ ነኝ። ገጣጥማለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ደጉንና ክፉውን ጽፌ እዚህ እለጥፋለሁ። ይሄኛው ከአንድ ፊልም የተወሰደ ነው፤ ፊልሙ ላይ ክፉው ንጉሥ ግንቡን የሠራው ገደል ጫፍ ላይ ነው። እኛን ደግሞ ፈጣሪ ሌላ ሌላውን ቢነሳንም ገደል አልነፈገንም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን በካርቶን አቅፌ፣ መንገዱ እስካለቀ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ወሰድኩት።

ካሜራዬን ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ሰካሁ። የግንቡን ልክ ለእናንተ ለማሳየት አጠገቡ ሜትር ዘረጋሁ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው ሳነጣጥር... ከኋላዬ ሳል ሰማሁ።

ተነሥቼ ዞር ስል ሦስት ገበሬዎች፣ ሦስት ዱላ። ዞር በማለቴ ደግሞ ገደሉ ከኋላዬ ሆነ።

መሐል የቆሙት ሽማግሌ፣ በኋላ አያ ፈንቴ ሲሏቸው ሰማሁ፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ አላሉም። ማቆሚያውን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ሜትሩን አዩ፣ መንደሩን አዩ።

«የእኔ ቤት የትኛው ነው?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲያስረዱኝ ግን ላቤ መጣ። ወንድማቸው ከላይኛው መንደር ከነልጆቹ ተነሣ ተብሎ ከተማ ዳር ሲሰፍር፣ አስቀድሞ የመጣው ባለሦስት እግር መሣሪያ የተሸከመ ቀያሽ ነበር አሉ። እሱም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እሱም ሲጠይቁት ምንም አይደለም ብሎ ነበር። የተኛሁበት ሣር ደግሞ የሦስቱም ከብት የሚውልበት ነው።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ መጫወቻ ነው» አልኩ።

ከቀኝ በኩል ያለው ጎረምሳ ጺሜን ትክ ብሎ አየው።

«የማን?»

«የእኔ።»

ወገኖቼ፣ መሐንዲስ ነኝ ብል ኖሮ ቢያንስ ያከብሩኝ ነበር። ጎረምሳው እንደተሰደበ ሰው ሆነ። ሦስት ገበሬ ፊት ቆሞ፣ ይሄን ሁሉ ጺም አሳድጎ፣ መጫወቻዬ ነው ይላል...

ማስረጃ ላቅርብ ብዬ ከካርቶኑ ውስጥ የመገጣጠሚያ መመሪያውን አወጣሁ። በሕይወቴ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፣ እንደዚህ ያለውን ግን አላስታውስም። ዳጎስ ያለ ደብተር ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው፣ በቁጥር በቁጥር ተሥሏል። አያ ፈንቴ ቀስ ብለው ገጽ በገጽ ገለጡት። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«ፕላኑም አልቋል» አሉ ለጓደኞቻቸው፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

ጎረምሳው ዱላውን ከትከሻው አወረደ። ሁለት እርምጃ አፈገፈግሁ... ሦስተኛ እርምጃ እንደሌለኝ የነገረኝ ከተረከዜ ሥር ወደ አዲ አርቃይ ቆላ የተንከባለለው ጠጠር ነው። የሚወድቅ ነገር እንዴት እንደሚፈጥን ለልጆች በየዓመቱ አስተምራለሁ። የዚያን ጊዜ ግን ስሌቱን መሥራት አላሰኘኝም።

አያ ፈንቴ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«መጫወቻ ከሆነ አፍርሰው» አሉኝ። «ቀያሽ የቀየሰውን አያፈርስም።»

አንድ ፎቶ ብቻ ላንሳና ብዬ ለመንኩ። የምንፈራው እሱኑ ነው አሉ። ተንበረከክሁ። ከግንቡ ጫፍ ጀመርሁ፤ ጡቡ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይላቀቃል። የንጉሡ ሰገነት ሄደ፣ በሩ ሄደ። ወደ መንደሩ ስወርድ እጄ ዘገየ። የፕላስቲክ ሰዎቹን ከየቤታቸው እያወጣሁ ሣሩ ላይ አቆምኳቸው፣ ከዚያ ቤታቸውን አፈረስሁ። ዘጠነኛውን ጨርሼ አሥረኛው ላይ ስደርስ ቀና አልሁ። ሽማግሌው ጡቡን እያዩ አልነበረም። ፊቴን ነበር የሚያዩት።

«ይበቃል፤ እሱን ተወው» አሉ። ደብተሬን መለሱልኝና ወደ ጎረምሳው ዞሩ። «መጫወቻው ነው። ቀያሽ ቢሆን ቤት ሲፈርስ እንዲህ አይከፋውም ነበር።»

ከፈለግህ አሁን አንሳ ብለውኝ ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ።

አነሳሁ። የዛሬው ግምገማ ፎቶ ያው እሱ ነው፦ አንድ ቤት፣ ደጁ ላይ የተኮለኮለ የመንደር ሰው... ሁሉም ፈገግ ብለዋል፤ አምራቹ ሌላ ፊት አልሰጣቸውም።