አምስተኛው የእጅ ሬዲዮ

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ስጠብቅ አንድ ወጣት የጥገና ሠራተኛ ገመድ አልባ ስልኮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ይፈትሻል። “አንዷ መስመሩን ይዛ አለቅም ብላለች” አላት ነርሷን። “እስኪ አንድ በአንድ ላጥፋቸው።”

ይህን አሠራር አውቀዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረስኩ በቡሬ መንገድ ባለ አንድ እርሻ የመገናኛ ክፍል ተቀጥሬ ነበር። ትልቁ ሬዲዮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አምስቱን የእጅ ሬዲዮዎች አለቆቹ ይዘው ማሳ ይወርዳሉ። መስመሩ አንድ ስለሆነ፣ የአንዱ መናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ የሌላው ድምፅ አይገባም፤ ያ አንዱ ያለበት ቦታ ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ ሬዲዮዎቹን ሰብስቦ በየተራ ማጥፋት ነው። አንዱ ሲጠፋ ድምፁ ከቆመ፣ በሽተኛው እሱ ነው።

ጥቅምት ነበር። ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ በመስኮቱ የእሸት በቆሎ ጥብስ ሽታ ይገባል። ከምሳ በኋላ ትልቁ ሬዲዮ መተንፈስ ጀመረ፤ ሰው ዳገት ሲወጣ እንደሚተነፍሰው። ብጣራ መልስ የለም።

የንብረት ክፍሉ ጋሼ አየለ አራቱን ሰብስበው አመጡልኝ። አንደኛውን አጠፋሁ፤ ትንፋሹ አለ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ባትሪያቸውን ሁሉ አወጣሁ። አልቆመም።

“ይሄስ ጠበል ነው የሚሻው” አሉ ጋሼ አየለ።

“አምስተኛው የት አለ?”

“ሞላ ይዞት ሄዷል። ሰው መጥቶ ቢጠራው እንደ ቆመ ነው የወጣ።”

ጋሼ ሞላ የሰብል አለቃው ነበሩ፤ የሰፈራችን ሰው፣ የአባቴ ወዳጅ። ጋሼ አየለ ወደ መጋዘናቸው ሲመለሱ ብቻዬን ቀረሁ። ሬዲዮው ውስጥ እግር ውሃ ተሻገረ። ውሻ ጮኸ። በር ሲጢጥ አለ። ከዚያ የአጎቴ ድምፅ መጣ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ያህል።

“ቡሬ ላይ፣ በቅሎውን ሳይሸጥ ነው የወደቀ። ነፍሱ እዚያው ወጣች። አስከሬኑ ነገ ይገባል።”

“ሚስቱ ሰምታለች?” ይህ የጋሼ ሞላ ድምፅ ነው።

“የለም። ዛሬ እራቷን ትብላ፤ ልጅቷም ከሥራዋ ትግባ። ንጋት ላይ ተሰብስበን እናረዳቸዋለን።”

በዋዜማው በቅሎ እየነዳ ቡሬ የሄደው አባቴ ነበር።

ትልቁን ሬዲዮ አጠፋሁት። ጋሼ አየለ ተመልሰው “ተገኘ?” ቢሉኝ፣ “አልተገኘም” አልኩ። በእኛ አገር መርዶ በሽማግሌ አፍ ይነገራል እንጂ በዕቃ አይሰማም። ደግሞም ብናገር ለእናቴ የተተወላትን አንድ ምሽት የምነጥቃት እኔ ነኝ።

አመሻሽ ላይ ጋሼ ሞላ ሬዲዮውን ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። ጭቃ ገብቶበት ቁልፉ ተጭኖ ቀርቷል።

“ምነው ዝም ብሎ ዋለ ይሄ ዕቃ?” አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። “በይ ግቢ ልጄ። እራትሽን በደንብ ብይ።”

“እሺ ጋሼ።”

ጭቃውን በመርፌ ቁልፍ ጠረግሁትና ሄድኩ።

እናቴ የዳጉሳ እንጀራ በጎመን አቀረበች፤ የአባቴን ድርሻ ቀንሳ ከደነችው። “ነገ ሳይመጣ አይቀርም” አለች። ቀጥላም፣ “ምን ሆነሽ ነው? ብይ እንጂ!” አለችኝ።

እስክታምነኝ ድረስ በላሁ።

ንጋት ላይ አጎቴና ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ፣ ገና እንደ ሰማ ሰው ከእናቴ ጋር ጮኽኩ። በእርጅናዋ ጊዜ፣ “ያን ሌሊት እንኳን ሁለታችንም ጠግበን ተኛን፤ እግዜር ይስጣቸው” ትል ነበር። “አዎ እማዬ” እላታለሁ።

ወጣቱ ስልኮቹን ሁሉ አጥፍቶ ግራ ገባው። “ጠረጴዛህ ላይ የሌለውን ፈልግ፤ ይዞት የወጣ ሰው ይኖራል” አልኩት።

“እማማ ደግሞ ከየት አወቁት?” ብሎ ሳቀ። ከዚያም አንዱን መልሶ ከፈተና ወደ ጆሮው አስጠጋው። “ቆይ ቆይ፣ ሰው ያወራል።”

ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። የሚወራውን ሳልሰማ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። መድኃኒቱ ነገም ይሰጣል።