የውብነሽ ክብሪት

ውብነሽ በሥራ ልብሷ ቀኝ ኪስ ሁልጊዜ ክብሪት ትይዛለች። አታጨስም። ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የጽዳት ድርጅት አብረን ብዙ ዓመት ስለሠራን ልማዷን አውቃለሁ፤ ጠዋት ስትደርስ ጃኬቷን ትሰቅላለች፣ ክብሪቱን ከጃኬቱ አውጥታ ወደ ሥራ ልብሷ ታዛውራለች፣ ጓንት የምታጠልቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በሙያው የሠለጠነች ናት። እዚህ አገር የሕንጻ ጽዳት ተምረው የሚፈተኑበት ሙያ ነው፣ ሰው ወለል ወልዋይ ብሎ ቢያልፈውም። ቀዩ ጨርቅ ለሽንት ቤት፣ ቢጫው ለመታጠቢያ፣ ሰማያዊው ለጠረጴዛ። በቀዩ ጨርቅ ጠረጴዛ የነካ ተለማማጅ ውብነሽ ያለችውን ዕድሜ ልኩን አይረሳም። ከሁሉ አስበልጣ የምታስተምረው ግን ስለ እድፍ ነው። የማታውቀው እድፍ ሲገጥምህ ጥግ ላይ አንድ መድኃኒት ብቻ ሞክር፣ ጠብቅ፣ እይ። «ሦስቱን ባንዴ ደፍተህበት ቢለቅ፣ የትኛው እንዳስለቀቀው በምን ታውቃለህ? ምናልባት በውሃ ብቻ ይለቅ ነበር» ትላለች።

ክብሪቱ የልጇ የሃይሚ ነው። ሃይሚ ገና ተማሪ ሳለች፣ ጋሉስ ሰፈር ያለው ቤታቸው ደረጃ ላይ ድንገት ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ተንዘፈዘፈች፣ አረፋ ደፈቀች። ውብነሽ ደሴ ስታድግ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ገበያ መሀል ሲወድቅ አይታ ታውቃለች። ሰው ይከብባል፣ «ክብሪት አምጡ» ይባላል፣ ይጫርና ጭሱ አፍንጫው ሥር ይያዝለታል፣ ሰውየው ይነቃል። ስለዚህ ጫረች፤ ልጅቷ ነቃች። ከዚያ ወዲህ በወደቀች ቁጥር ጫረች፣ በጫረች ቁጥር ልጅቷ ነቃች። ሐኪሙ ክኒን አዟል፣ ሃይሚም ጠዋትና ማታ ትውጣለች። ስትወድቅ በጎኗ አስተኟት፣ ሹል ነገር አርቁላት፣ ሰዓት እዩ፣ አልቆም ካላት አምቡላንስ ጥሩ ብሎም ነግሯቸዋል። ውብነሽ ይህን ሁሉ ታደርጋለች። ክብሪቱንም ጨምራ።

ዘንድሮ ሃይሚ ሃያ ዓመት ሆናት። ማይንስ ከተማ መነጽር ቤት ውስጥ አውስቢልዱንግ ጀምራለች፣ የሙያ ሥልጠናውን ማለቴ ነው። በየቀኑ በኤስባን ባቡር መመላለስ ስላንገሸገሻት እዚያው ከሁለት ልጆች ጋር በጋራ ቤት አንድ ክፍል ልትከራይ ፈለገች። ጭቅጭቁን በሥራ መኪናችን ውስጥ ስልኩ ክፍት ሆኖ ሰምቼዋለሁ።

«እስከ ነገ መልስ ስጪን ብለውኛል፣ ማማ።»

«ማታ ብትወድቂስ? ማን ይጭርልሻል?»

«ማንም አይጭርልኝም። ክኒኔን እውጣለሁ።»

«ክኒኑን እየዋጥሽ አይደል ባለፈው የወደቅሽው?»

«ጋሽ ግሩም አሉ እዚያ? ጋሽ ግሩም፣ ይንገሯት እንጂ።»

«እኔ መኪና እየነዳሁ ነው» አልኩ። በእናትና ልጅ መሀል የገባ እጁ በር ላይ ይቀረቀራል።

«እስከ ነገ ነው» አለች ሃይሚ፣ ዘጋችው።

የዚያን ዕለት ሥራችን እዚያው ከተማ ዛክሰንሃውዘን ሰፈር ውስጥ የአሮጌ ሕክምና ዕቃዎች በተከማቹበት አንድ ቤት ነበር። ስብስቡ ለትርኢት ሊወጣ ነው፤ መደርደሪያውንና የዕቃዎቹን ውጭ በደረቅ ብሩሽ እንድናጸዳ ታዘናል። መጋዝ አለ፣ የራስ ቅል መብሻ አለ፣ እጀታው በእጅ ወዝ የጠቆረ። ዛጎል የመሰለ ሳህን አለ፣ ደም ይቀዳበት የነበረ። እኔ መብሻው ጥርስ ሥር የደረቀ ነገር አይቼ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በሙያችን ሁሉን አይጠየቅም።

ለውብነሽ የደረሷት የመድኃኒት ቀማሚዎች ማሰሮዎች ነበሩ። የአንዱ ክዳን ላልቷል፣ አፉ ዙሪያ ቢጫ ቡኒ ዱቄት ተጋግሯል። ቅባት ነገር ስላለው ብሩሹ ላይ እየተጣበቀ አስቸገራት። ጓንቷን አውልቃ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። እንኳን ተለማማጅ፣ ጥንቁቅ ሰውም አንዳንዴ ይህን ያደርጋል። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ ምንም አይሸትም።

«ሽሮ ዱቄት ይመስላል» አለችኝ።

የስብስቡ ኃላፊ ፍራው ብሬትሽናይደር ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ውብነሽን እንደ አገሩ ወግ «ፍራው»፣ ወይዘሮ ማለት ነው፣ ብለው በአባቷ ስም ይጠሯታል።

«ፍራው ተክለ ማርያም፣ እሱን ባዶ እጅ ባይነኩት ይሻላል።»

«መርዝ ነው?»

«አይ፣ መድኃኒት ነው። የሰው ራስ ቅል ነው፣ ተወቅጦ።»

ውብነሽ እጇን ከአየር ላይ አላወረደችውም። «የምን ሰው?»

«አንገቱ የተቀላ ሰው ቢሆን ይመረጥ ነበር። ታሞ የሞተ አይሆንም። በድንገት የሞተ ጤነኛ ሰው ኃይሉ አጥንቱ ውስጥ ይቀራል ብለው ያምኑ ነበር። በወይን በጥብጠው ያጠጡታል።»

«ማንን?»

«የሚጥል በሽታ ያለበትን።»

ሴትዮዋ ስለ ሃይሚ አያውቁም። የሚወዱትን ነገር የሚያወሩ ሰው ስለነበሩ ቀጠሉ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሐኪሞች፣ አሉ፣ አንጎል ውስጥ ተርታ የተያያዙ ጓዳዎች አሉ ይሉ ነበር፤ በፊተኛው ሰው ያልማል፣ በመካከለኛው ያመዛዝናል፣ በኋለኛው ያስታውሳል። ወፍራም አክታ ጓዳዎቹን ሲደፍን መንፈስ መተላለፊያ ያጣል፣ ሰውየው ይወድቃል፤ መንዘፍዘፉ አንጎሉ አክታውን አራግፎ ለመጣል ሲታገል ነው። አረፋውም ያው የተራገፈው ነው።

«እንደ ተደፈነ የኩሽና ቱቦ ማለት ነው» አለች ውብነሽ። ፊቷ ግን ቱቦ ስትከፍት ከሚሆነው የባሰ ሆኗል። ቱቦ ውስጥ ያለው ቢያንስ የሰው ራስ አይደለም።

«እንደዚያ ነው። ስለዚህ አክታውን የሚያቀልጥ ወይም የሚያስነጥስ ነገር ይፈልጋሉ። ጤና አዳም አፍንጫው ውስጥ ይወትፋሉ።»

«እሱስ ደኅና ነው» አለች ውብነሽ፣ የምታውቀውን ሰው በባዕድ አገር ያገኘች ያህል ቀለል ብሏት። «ጤና አዳም እኛም አለን።»

«ሰው ሲቀላ ኩባያ ይዘው የሚጠብቁ በሽተኞችም ነበሩ። ደሙን ትኩሱን ለመጠጣት።»

«በቃዎት» ልላቸው ነበር። ሴትዮዋ ግን ወደ ሌላ መደርደሪያ ዞረው አንድ ጥቁር የተቃጠለ ቁራጭ አነሱ።

«ይህ ደግሞ የፍየል ቀንድ ነው። ያቃጥሉትና ጭሱን የወደቀው ሰው አፍንጫ ሥር ይይዙለታል።»

 ውብነሽ ቀኝ ኪሷን በክንዷ ጫን ስታደርግ አየሁ።

«ይነቃ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«በሽተኛው? አዎ፣ ይነቃል።»

«ታዲያ ይሠራል ማለት ነው።»

«አይሠራም። ሳያጨሱለትም ይነቃ ነበር። ራስ ቅሉን ሳይጠጣም ይነቃ ነበር። ያኔም የሚጸየፉት ሐኪሞች ነበሩ። ግን ልጇ መሬት ላይ የሚንፈራገጥባት እናት እጇን አጣጥፋ እንዲሁ ይነቃ እንደሆነ ልትሞክር አትችልም።»

 ውብነሽ ወደ መታጠቢያው ሄደች። በሙያችን የእጅ አስተጣጠብ የተወሰነ ሥርዓት አለው፤ መዳፍ፣ ጀርባ፣ የጣት መሀል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር። እሷ ያን ጨርሳ ደገመችው፣ ከዚያ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ጥፍሯን በወለል ብሩሽ ፈገፈገች። ዱቄቱ ልብሷ ላይም የፈሰሰ መሰላት፣ ከወገቧ በታች ያለውን ሁሉ በውሃ አጥባ ጨመቀችው። ከፊት ለፊት እስከ ጉልበቷ እየተንጠባጠበች ተመለሰች። በምሳ ሰዓት የምግብ ዕቃዋን ከፈተች፣ ሽሮ ነው፣ አየችው፣ ከደነችው።

«ልብላልሽ?» አልኳት።

«ብላ። ከቻልክ።»

እኔም አልቻልኩም።

ከምሳ በኋላ ሃይሚ መጣች። ጠዋት ተናዳ ስትወጣ ቁልፏን ቤት ረስታዋለች፤ የእናቷን ልትወስድ ነው። ለፈተና ስታጠና አድራ ዓይኗ ቀልቷል። ፍራው ብሬትሽናይደር በር ከፈቱላት። ልጅቷ መደርደሪያው አጠገብ ቆማ ያንን ማሰሮ አየችና «ኢ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለች። እናቷ «አትንኪው» ከማለቷ ሃይሚ ባለችበት ቆማ ቀረች፤ ዓይኗ ከእኛ ላይ ተነሣ፣ ወደቀች።

ፍራው ብሬትሽናይደር ሹራባቸውን አውልቀው ከጭንቅላቷ ሥር ከተቱ። እኔ ባልዲውንና መሰላሉን አራቅሁ፣ በጎኗ አዞርናት፣ ሰዓቴን አየሁ። ውብነሽ ተንበርክካ ክብሪቱን አወጣች። ሳጥኑ እጇ ላይ ሟሟ። ውስጡ ያሉት እንጨቶች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዱን ነጥላ ስትጭረው ጫፉ እንደ ጭቃ ተላጠ። ሌላ ጫረች፤ ቀይ ቡኒ ልጥፍ ጥፍሯ ውስጥ ገባ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ግሩም፣ እሳት።»

«የለኝም።»

«ፍራው ብሬትሽናይደር፣ እሳት።»

«እዚህ ቤት እሳት ክልክል ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ የልጅቷን ራስ ይዘው።

ውብነሽ እርጥቡን ሳጥን በእርጥብ እንጨት ፋቀችው፣ ፋቀችው። «ልጄ፣ ልጄ» ትላለች እየፋቀች። ያን እንጨት ስትፍቅ ሳይ የፍየሉ ቀንድ ትዝ አለኝና ፊቴን አዞርኩ። ሰዓቴን መልሼ ሳየው ሁለት ደቂቃ አልሞላም። የሃይሚ ክንድ መንቀጥቀጡን ተወ። ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ምራቋ በአገጯ ወርዶ የሴትዮዋን ሹራብ አበላሽቶታል። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ከፈተች።

ክብሪቱ አሁንም በውብነሽ ጣቶች መሀል አለ። አልበራም።

 ሃይሚ ዙሪያዋን ስታይ ቆየች፣ ነፍሷ ቀስ ብላ ተመለሰች።

«ማማ፣ ልብስሽ ምን ሆኖ ነው የረጠበው?»

«ታጥቤ ነው።»

«ጭረሻል?»

«አልጫርኩም። እምቢ አለኝ።»

ሃይሚ ከአፍንጫዋ ሥር ያለችውን ጠባሳ በጣቷ ነካች። አንድ ጊዜ የክብሪት ፍንጣሪ ያረፈባት ቦታ ናት። «ለዚህ ነው ያላስመለሰኝ» አለች። «ሁልጊዜ ስነቃ ያቅለሸልሸኛል፣ ራሴ ውስጥ የሆነ ነገር የተቃጠለ ይመስለኛል። እኔ እኮ በሽታው ነው የሚገማው ብዬ ነበር።»

ውብነሽ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ጣቶቿን አሸተተች። ድኝና እርጥብ ካርቶን። ከዚያ ፊቷ ላይ የመጣውን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ ያው ጠዋት፣ ማሰሮው ላይ። ተነሥታ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ አለች። ባዶ ሆዷን ነበረችና የወጣው ውሃ ብቻ ነው። አጠበችው፣ ገንዳውን በቢጫው ጨርቅ ወለወለችው፣ የክብሪቱን ልጥፍ በወረቀት ጠቅልላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለች። እዚህ አገር ለብቻው የሚጣለውን ወረቀት ከሌላው ቆሻሻ ሳትለይ ስትጥል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች። እርጥብ ልብሷን እንዳታስነካት ራቅ ብላ።

«ይሄ ክፍል» አለች።

«የቱ ክፍል?»

«የማይንሱ። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት አለው?»

ሃይሚ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ደግሞ አለቀሰች፤ ከወደቀች በኋላ ደክሟት ስለሚሆን ቶሎ ታለቅሳለች። «የለውም» አለች።

«ሻጋታ አለ ማለት ነው። እኔው መጥቼ አየዋለሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሃይሚን ፍራሽ በሥራ መኪናችን ወሰድኩላቸው። የውብነሽ ግምት ልክ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ጥጉ ጠቁሯል፣ የገላ መታጠቢያው መውረጃ በሁለት ሴት ፀጉር ተደፍኗል። ውብነሽ ሁለት ጓንት ደርባ አንድ ክንድ የሚያህል ዝልግልግ ነገር ስባ አወጣች፤ የቤቱ ልጆች ጮኸው ወደ ኩሽና ሸሹ። «የእናንተው ነው» አለቻቸው። ካጠበች በኋላ ሁለቱንም ልጆች ኩሽና ወለል ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ሃይሚን በጀርባዋ አስተኛቻት፣ እየሳቀች እምቢ ብትልም። እንዲህ በጎኗ ታዞሯታላችሁ። ይህን ታርቃላችሁ። ሰዓት ታያላችሁ። አልቆም ካላት ስልክ። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ያን «ምንም» ስትል ድምጿ ትንሽ ሰለለ፣ ደግማ አጠንክራ ተናገረችው።

አንደኛዋ ልጅ፣ ፀጉሯን አረንጓዴ የቀባችው፣ እጇን አወጣች። «ምላሷን እንዳትነክስ ማንኪያ አፏ ውስጥ መክተት የለብንም? አያቴ እንደዚያ ነው የምትለው።»

ውብነሽ መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ የተከመረውን የሰነበተ ማንኪያ አየች። ከንፈሯ ተጣመመ።

«አፏ ውስጥ ምንም አይገባም። አያትሽ ጋ ደውዪ» አለቻት። «ጊዜ ሲኖራቸው እኔ ላናግራቸው እፈልጋለሁ። እስከዚያው ያንን ማንኪያ እጠቢው።»