ባዶ ሆኖ የተገኘው ቅጂ

መርሳ ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ታካሚው ምን አሞት እንደመጣ፣ ምን እንደታዘዘለት፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው፣ ሁሉም የሚቀመጠው ጠረጴዛዬ ላይ ባለው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የጫነልን የወልድያ ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል፣ ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ትዕዛዝ አሳየኝ።

«ይቺን አርብ አርብ ጻፊና ኢንተር በይ» አለኝ። «ዳታቤዙ ውስጥ፣ መረጃው በተከማቸበት ማለት ነው፣ ያለውን ሰንጠረዥ ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ትገለብጥልሻለች። ፋይሉን በፍላሽ ቤትሽ ውሰጂው። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ እንኳ ከዚያ ሁሉንም እንመልሰዋለን።»

ትዕዛዟን ወረቀት ላይ ጽፌ ከስክሪኑ ሥር ለጠፍኳት። አንድም አርብ አላለፈኝም። ነርሳችን «ደሞ ድግምትሽን ልትደግሚ ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን በሥራዬ ኮርቻለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ በኃይል ተመለሰ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ አልነሳም አለ። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ደንግጠው ከክፍላቸው ወጡ።

«አይስጉ ዶክተር፣ ቅጂው አለኝ» አልኳቸው።

በማግስቱ የተበላሸውን ሃርድ ዲስክና ፍላሹን ይዤ በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። ባለሙያው ሃርድ ዲስኩን ሞክሮ «ይሄስ ሞቷል» አለ። ፍላሹን ሰካና ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

«ምነው?»

«መጠኑን እዪው።»

የመጨረሻው ፋይል ዜሮ ይላል። ከሱ በፊት ያለውም ዜሮ። እያንዳንዱ ስምና ቀን አለው፤ ውስጡ ግን አንድ ፊደል የለም። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደን የሚከፈት ፋይል ያገኘነው ከአምስት ወር በፊት ነው።

«የይለፍ ቃል ቀይራችሁ ነበር?» አለኝ።

ቀይረናል። የቀየርኩትም እኔ ነኝ። የለጠፍኳት ትዕዛዝ ላይ ያለው ግን የድሮው ነው። ዳታቤዙ በየሳምንቱ «አላስገባም» ብሎ በአንድ መስመር ሲነግረኝ፣ እኔ ሳላነብ መስኮቱን እዘጋለሁ። ፋይሉ ደግሞ ትዕዛዙ ተሳካም አልተሳካ ይፈጠራል፤ ሳይሳካ ሲቀር ባዶውን።

የባለሙያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ባጃጆቹ ሲያልፉ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ገባሁና «ከአምስት ወር በፊት የነበረውን አዲስ ሃርድ ዲስክ ላይ መልስልኝ፤ የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ» አልኩት።

ለዶክተር እውነቱን ነገርኳቸው። «ቅጂው ባዶ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እና ምን ልታደርጊ አሰብሽ?»

«ከወረቀት እለቅመዋለሁ።»

ለቀምኩት። የላቦራቶሪውን መዝገብና የመድኃኒት ማዘዣዎቹን አውጥቼ፣ ታካሚ በቀነሰ ቁጥር አንድ በአንድ መልሼ ጻፍኩ። ስትስቅብኝ የነበረችው ነርስ አጠገቤ ተቀምጣ ታነብልኛለች። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ግን ወር ሳይሞላ አብዛኛው ገባ።

ወረቀት ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከግራና ከተማ አካባቢ የመጡ አንድ ሽማግሌ መርፌ ተወግተው ራሳቸውን ስተው ነበር። ነርሷ መውደቃቸውን ታስታውሳለች፤ ከተሰጧቸው ሁለት መድኃኒቶች የትኛው እንደጣላቸው ግን እሷም ዶክተርም አላስታወሱም። ያንን የጻፍኩት ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። ነገ ታመው ቢመጡና ያንኑ ብንወጋቸውስ?

ስልክ ቁጥራቸውም ከመዝገቡ ጋር አብሮ ጠፍቷል። በገበያ ቀን ግራና ሄጄ ስማቸውንና መልካቸውን እየነገርኩ ጠየቅኩ። ከእህል ተራው ጀርባ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አልሀምዱሊላህ። የማን ልጅ ነሽ?»

«ከመርሳው ክሊኒክ ነኝ። አንቱን የጣለዎትን መድኃኒት ስም ጽፌው ነበር፤ ጠፋብኝ። እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «የተማራችሁት አጠፋችሁትና እኔ ማንበብ የማልችለውን ትጠይቂኛለሽ?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ከመታወቂያቸው ጋር በላስቲክ የጠቀለሉትን ቁራጭ ወረቀት አወጡ። ያን ዕለት ዶክተር ጽፈው የሰጧቸው ነው፤ ስሙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«ሴት ልጄ አንድ ሌላ ገልብጣ ቤት አስቀምጣለች» አሉ። «ልክ መሆኑንም ለመምህሩ አስነብቤዋለሁ። ዝም ብሎ ወረቀት መያዝ ምን ያደርጋል?»

ስሙን ሁለት ጊዜ ጽፌ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቼ፣ አመስግኜ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ አሠራሬን ለወጥኩ። ትዕዛዟ ሳይሳካላት ስትቀር ድምፅ አሰምታ እንድታቆም እንዴት እንደማደርግ ባለሙያው አሳየኝ። የምታወጣውን መልእክት ቃል በቃል አነባለሁ። ይህም አልበቃኝም፤ ዶክተርን ለምኜ መጋዘን የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አስወጣሁ። አርብ አርብ ፋይሉን እዚያ ላይ መልሼ እጭነዋለሁ።

አንድ አርብ ዶክተርንና ነርሷን ጠራኋቸው። «አሮጌው ላይ ያለውን ዳታቤዝ አሁን በሙሉ ላጠፋው ነው» አልኩ። ነርሷ አፏን ያዘች። አጠፋሁት። ፋይሉን መልሼ ጫንኩና «ዶክተር፣ የፈለጉትን የካርድ ቁጥር ይጥሩልኝ» አልኩ።

ጠሩ። የአንዲት የውርጌሳ ሴት ካርድ ተከፈተ።

«ትናንት ያየኋት ናት» አሉ ዶክተር ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው። «የጻፍኩት እንዳለ አለ።» ሌላ ጠሩ፤ እሱም አለ። ሦስተኛም ጠሩ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ታካሚያቸው ተመለሱ።

ነርሷ ግን አልሄደችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «በይ አሳዪኝ» አለች። «አንድ አርብ አንቺ ባትመጪስ?»

ተነስቼ ቦታዬን ለቀቅኩላት። የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈች።