የኔታን ከመጽሐፉ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ

መምህር ወልደ ሐና ያን ደብተር እኔ ዘንድ የተዉት አምነውኝ ነው፣ ወይስ እስክናገር ሊጠብቁኝ? ስንት ዓመት አገላብጬዋለሁ። እሳቸው ዐርፈዋል። የሠራሁትን ግን አውቃለሁ። እስካለፈው ሁዳዴ ድረስ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናገርሁት ነው።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ላሊበላ በሃያ ሁለት ዓመቴ አንደኛ ክፍል ስቀመጥ ልጆቹ “እትዬ አንደኛ” ይሉኝ ነበር። ስቄ አሳለፍሁት እንጂ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ፊደል የሚያስት አልወድም፤ ማስረጃ የሌለው ነገር አልወድም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመምህር ወልደ ሐናን ስብከት ከተቀዳው እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥና ሳርም ተማሪዎቹ “መቀስ” አሉኝ። በዚህኛው ስም ኮርቼ ነበር።

መምህር የገነተ ማርያም ሰው ናቸው። የመጻሕፍትን ትርጓሜ እዚያው ከዓይነ ስውሩ መምህራቸው ከየኔታ ጥበቡ ተምረው፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት አስተማሪ ሆኑ። እሑድ ከሰዓት ለተማሪዎች ሲሰብኩ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይሰማ ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው። አንድ ቃል ከመተርጎማቸው በፊት ከማን እንደ ሰሙት ይናገራሉ። ይህ የእኔ አይደለም፣ ከየኔታ ጥበቡ ሰማሁት፣ እሳቸውም ከመምህራቸው፣ እያሉ አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ባገራችን ትርጓሜ እንዲህ ነው፤ የሰማበትን የማይጠራ መምህር ከልቡ አፈለቀው ይባላል። ይህን እኔ አጥቼው ነው? ላስታ ተወልጄ፣ ይህንኑ እየሰማሁ አድጌ?

ስብከታቸው መጽሐፍ ሊሆን ሲል በየምዕራፉ ራስ የሚገባውን የመምህራን ዝርዝር በደብተር ጽፈው ሰጡኝ። እኔ አወጣሁት። ከዐሥራ አንዱም ምዕራፍ አወጣሁት። የኔታ ጥበቡ የታተመ መጽሐፍ የላቸውም፣ ገጽ የላቸውም፤ በግርጌ ማስታወሻ እንዴት ብለው ይገባሉ? የተማረ ሰው ይስቅብናል አልሁ። “ብናል” ልበል እንጂ የፈራሁት በእኔ የሚስቀውን ነው።

ያን ጊዜ መምህር ዓይናቸውን ታመው ስለ ነበር ረቂቁን ማንበብ አልቻሉም። ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ጠየቁኝ።

“የኔታን እንዳሉ አስገብተሻቸዋል?”

“አዎ” አልሁ።

መቁረጡንስ አለማወቅ ነው ልበል። ያን “አዎ” ያስባለኝ ማን ነው? ማንም። እኔ ነኝ ያልሁት።

መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ትርጓሜውን ከልቡ አፈለቀው ተብሎ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጉባኤ ጠርተው ጠየቋቸው፤ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጽሐፉን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ይህን ከማን ሰማኸው አሏቸው። ከየኔታ ጥበቡ ሲሉ፣ ሽማግሌው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

“ታዲያ እዚህ የሉም። ዛሬ ስትጠየቅ ነው የተወለዱት?”

ሰው ሳቀ። የኔታ ራሳቸው እንዳይጠየቁ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ወደ ላስታ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ነበር። ደብተሩ ግን ነበረ። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ ነበረ። መምህር ዞር ብለው አዩኝ። መነሣት፣ ጥቂት መራመድ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ማኖር፣ ይኸው ነበር ሥራው። አልተነሣሁም። ልመረቅ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ መቀስ ዋሸች መባልን ፈራሁ። እሳቸውም ስሜን አልጠሩም። “ጉድለቱ የእኔ ነው” ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። ማስተማሩንም ራሳቸው ተዉት። ዕቃቸውን ሲሸክፉ ሄጄ ደብተሩን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

“አንቺ ዘንድ ይቆይ” አሉኝ። “ዕቃ መጠበቅ ታውቂበታለሽ።”

መንገዱ ሲከፈት ገነተ ማርያም ወርደው ከየኔታ ጋር ጉባኤ ያስተምሩ ጀመር። ሦስት ዓመት ኖሩ። ያ የሞላ አዳራሽ ዳግመኛ ድምፃቸውን ሳይሰማ ዐረፉ። እኔ ተመረቅሁ። በማዕረግ።

ባለፈው ሁዳዴ ደብተሩን ይዤ ገነተ ማርያም ሄድሁ። የኔታ ጥበቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ ማን እንደ ሆንሁ፣ ምን እንዳደረግሁ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። ዝርዝሩን አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብሁላቸው። አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝና፣ ሦስተኛውና አራተኛው መምህር ተዛውረዋል፣ አርሚው አሉኝ። አረምሁት። ከዚያ ጠየቁኝ።

“ይህን ለማን ለማን ነግረሻል?”

“ለእርስዎ ብቻ፣ የኔታ።”

“እኔማ መጽሐፉን አላነበብሁት፣ ልጄ። ላነበቡት ንገሪያቸው።”

ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር የሄድሁት፤ መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሳቸውም በትራቸውን በእጃቸው ዳብሰው አገኙና ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።