የአደይ ለተብርሃን የችግኝ መደብ

መቐለ ውስጥ በአንድ የዕፅዋት ጤና ላብራቶሪ ረዳት ቴክኒሺያን ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት ነጭ ጋዋኔን በካውያ ተኩሼ ነበር የገባሁት። ከደብረ ብርሃን ገና መምጣቴ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ኪዳነ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና፣ «ሰርግ ቤት ነው እንዴ የመጣሽው?» አሉኝ። ከዚያ አንድ ባልዲ አፈርና ወንፊት ሰጥተው ሥራ አስጀመሩኝ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጋዋኑ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጡኝ።

«ምን ታያለሽ?»

«ክር» አልኩ።

«ክር ይዋኛል እንዴ?»

እንደገና ሳየው ክሩ ይጥመለመላል። ኔማቶድ ማለት እሱ ነው፤ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል። ኮሌጅ ሳለን በሥዕል ያየነው የደቡቡን ቦዬ ሲያጠፋ ነበር። ቦዬ እንደ ስኳር ድንች ከመሬት ተቆፍሮ የሚበላ ተክል ነው፤ ትሉ ሲገባበት ልጣጩ ይሰነጠቅና በተከማቸበት ይበሰብሳል። መቐለ ዙሪያ ቦዬ የለም። ትሉ ግን አልተቸገረም፤ ቲማቲሙንና ቃሪያውን አገኘ።

የኛ ትል ሥር ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል። ያበጠ ሥር ውኃ በደንብ አያሳልፍም፤ ተክሉ መስኖ ዳር ቆሞ ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ገበሬው ውኃ አነሰው ብሎ ይጨምርለታል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

የምርመራው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ወንፊት ላይ ሶፍት ታነጥፋላችሁ፣ አፈሩን ትበትኑበታላችሁ፣ ወንፊቱን ውኃ ባለው ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ ታሳድሩታላችሁ። ትሎቹ ራሳቸው ሶፍቱን አልፈው ወደ ውኃው ይወርዳሉ። ጠዋት ውኃውን ማየት ብቻ ነው።

የሚያስቸግረን የሰዉ ጨዋነት ነበር። ገበሬው ናሙና አምጣ ሲባል የታመመውን ተክል ይነቅልና ሥሩን መስኖ ቦይ ውስጥ አጥቦ፣ አሳምሮ፣ በፌስታል ይዞት ይመጣል። አፈር ይዞ ቢሮ መግባት ነውር ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያንኑ አፈር ነበር። አቶ ኪዳነ፣ «ሬሳ አጥባችሁ ታመጡልኛላችሁ!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ማን ሊሰማቸው! የባሰው ነገር ቦዩ ነው፤ ሥር የታጠበበት ውኃ ትሉን ይዞ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ማሳ ሁሉ የሚጠጣው ያንን ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የትግራይ ጦርነት አልፎ ላብራቶሪውን መልሰን ስንከፍት ከማይክሮስኮፖቹ የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። አቶ ኪዳነም አልነበሩም፤ የስኳር መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ አረፉ። ኃላፊነቱ ለእኔ ደረሰ።

አደይ ለተብርሃን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ለመንደሩ ሰው ሁሉ የቲማቲም ችግኝ የሚያፈሉ፣ ሁሉም «አደይ»፣ እናቴ፣ የሚላቸው ባልቴት ናቸው። ከጦርነቱ ወዲህ መደባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልቷል፤ ጎረቤቱ ማሳውን አርሶ እሳቸውን ይጠብቃል። ይዘውልኝ የመጡት ችግኝ ሥሩ ታጥቦ ያበራል።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ። ማዳበሪያ ነው የጎደለው?»

«አፈሩስ የታለ፣ አደይ?»

«ዋይ! አፈር ተሸክሜ ቢሮ ልግባ? ምን ይሉኛል?»

በታጠበው ሥር ላይ ጥቃቅን እብጠት አየሁ። አብሬያቸው በባጃጅ ሄጄ ከመደቡ ከየጥጉ ችግኝ ከነአፈሩ ነቀልኩ። በትልልቆቹ ችግኞች ሥር ላይ እብጠቱ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሯል። መደቡ ውኃ የሚጠጣው ሥር ከሚታጠብበት ቦይ ነበር። አፈሩን አሳድሬ ጠዋት ሳየው ሳህኑ በትል ይተራመሳል። በስልክ መንገር እችል ነበር፤ ግን ራሴ ተመልሼ ሄድኩ።

«መደቡ በሙሉ ተነቅሎ መቃጠል አለበት» አልኳቸው። «ይህ ችግኝ የሚተከልበት ማሳ ትሉን ይወርሳል። አንዴ ከገባ አይለቅም።»

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የሐጎስስ?» አሉኝ።

ሐጎስ ከጦርነቱ በክራንች የተመለሰላቸው ብቸኛ ልጃቸው ነው። ከሁሉ አስቀድመው፣ ደህና ደህናውን መርጠው ለእሱ ሰጥተውታል፤ ተክሎታልም። ማሳው ድረስ ሄደን ሁለት ተክል ነቀልኩ። መናገር አላስፈለገኝም፤ እብጠቱን እጄ ላይ አዩት። ያን ቀን ሥራዬን ጠላሁት።

«ለሰዉ እኔው ልንገር» አሉ በመጨረሻ። «ከቢሮ ከሰሙማ ደበቀችን ይላሉ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ችግኝ የሚጠብቁት ጎረቤቶች መደቡ ዳር ተሰበሰቡ። አደይ ለተብርሃን ነገሩን ተናገሩ፤ እኔም አስረዳሁ። አንድ ጎልማሳ ብድግ አለና፣ «ግድ የለም፣ ስጡን» አለ። «ከባዶ ማሳ የታመመ ቲማቲም ይሻላል። ዘንድሮን እንብላ፤ ለከርሞ እግዚአብሔር ያውቃል።»

ሌሎቹም «እውነቱን ነው» አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ ማሳቸው ጦም አድሮ የከረመ ሰዎች ናቸው። ላስገድዳቸውም ሥልጣን አልነበረኝም። ችግኙ የአደይ ለተብርሃን ነው፤ «ውሰዱ» ቢሉ ያበቃል፤ የሚወቅሳቸውም አይኖርም።

እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ጎንበስ አሉና መንቀል ጀመሩ።

«የልጄን ማሳ ያበላሸሁት ሳላውቅ ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «የናንተን አውቄ ላበላሽ?»

ሐጎስ መጥቶ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠና ይነቅል ጀመር። ቀጥሎ ሴቶቹ ገቡ፤ በመጨረሻ ያ ጎልማሳም ገባ። የተነቀለውን ፀሐይ ላይ አስጥተን አቃጠልነው። እኔ አለቀስኩ።

ከቦዩ ርቆ ከፍ ካለ ቦታ አንድ ጎረቤት ቁራሽ መሬት ሰጣቸውና አዲስ መደብ አወጡ። ችግኙ ዘግይቶ ደረሰ፤ ምርቱም ያን ዓመት ትንሽ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ በኩል ሳልፍ የጎረቤቶቹ ቲማቲም ቀልቶ አየዋለሁ። ሐጎስ ትሉ ብዙ የማይጎዳውን ገብስ ይዘራል። ገብሱ ቲማቲም የሚያወጣለትን ያህል አያወጣለትም፤ እናቱም ይህን ያውቃሉ።

በሥራ ዘመኔ ትል የገባበትን ማሳ አድኜ አላውቅም። ያልገባበት የተረፈው ችግኙ በእጁ ያለ ሰው «አልሰጥም» ሲል ነው።