በጣት የተለካው ወር

ቆቦ ዳር ባለው የረሃብተኞች መጠለያ የየወሩን ሟች ብዛት በቀይ ቀለም ዓምድ አድርጎ ግድግዳ ላይ የሚስለው ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሐሩር ቀኝ እጁን ከካኪ ኮቱ ኪስ አያወጣም። ግድግዳው ጋ ሲደርስም አንገቱን ይደፋል። ቀድሞ ለመቶ ሟች ስንዝር የሚያህል ዓምድ ያቆም ነበር። «ጓድ፣ ሥዕሉ እንግዳ እንዳያስደነግጥ» ብለው የበላዮቹ ሲያዙት ግን ያለፈውን ወር መቶ ሟች በጣት ስፋት ከፍታ ብቻ ሳላቸው። ቁጥሩን ከሥር በትክክል ጽፏል፤ ግን ማን ሊያነበው?

«አልሐምዱሊላህ፣ ሞቱ ቀነሰ በለኛ ልጄ!» አሉት ባለፈው ወር ሴት ልጃቸውን የቀበሩ እናት፣ አጭሩን ዓምድ አይተው። «የኔዋ የቱ ላይ ናት? እስቲ አሳየኝ።»

እጁን ከኪሱ አወጣ። በቀይ ቀለም የተነከረው ጣቱ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ ወሩን በሙሉ ሸፈነው።