የአባባ ቆዳ ስንተኛ ነው?

የወንድሜ ሚስት የአባባን ቆዳ ሦስተኛ ደረጃ ውስጥ የከተተችው ቀን ደሜ ፈላ። እሷ የጫማ ፋብሪካችን የዕቃ ቤት ኃላፊ ናት፤ እኔ እዚያው እሰፋለሁ። አባባ ደግሞ ቆዳ አልፍቶ ለፋብሪካው ያቀርባል።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ቆዳው የሚከመረው በአምጪው ስም ነበር፤ የአባባ አንድ ጥግ፣ የሌላው ሌላ ጥግ። ቆራጮቹ ክምሩን ገለባብጠው ደህና ደህናውን ይመዙና የቀረውን መልሰው ይጭኑበታል። ዕቃ ቤቱ እስከ ጣራው ሞልቶ "ቆዳ አልቋል" ተብለን እጃችንን አጣጥፈን የምንውልበት ቀን ነበር። ጉድ እኮ ነው!

እሷ ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር አስጠጋች። እያንዳንዱን ቆዳ ብርሃን ላይ ዘርግታ፣ በሁለት ጣቷ እየቆነጠጠች ውፍረቱን ታያለች። እንከን የሌለው አንደኛ መደርደሪያ፣ ጥቂት ጭረት ያለበት ሁለተኛ፣ የሳሳውና የተበሳው ሦስተኛ፤ እሱ ለገበር ይሆናል። በሁለት ወር ውስጥ ፍለጋ ቀረ። ሠራተኛው ሁሉ "እትዬ ደረጃ" እያለ ይቀልድባት ጀመር። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ የአባባ ተራ እስኪደርስ።

ከሃምሳው ሠላሳ ስምንቱ ሦስተኛ! ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አብዛኛው ቆዳው ሦስተኛ ከሚወጣ ሰው ከእንግዲህ አንገዛም ብለዋል።

"የባልሽን አባት ሥራ ልታስፈቺ ነው?" ብዬ ጮህኩባት።

"አንድ ጭነት እንዲታገሱኝ ለምኛቸዋለሁ" አለች። "ደረጃውን ግን አልነካም። የእሳቸውን ከፍ ካደረግሁ የሌላውን ማን ያምነኛል?"

ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳኋት።

አባባ ተጠርቶ መጣ። ይቆጣልኛል ብዬ ምሳዬን ትቼ ተከተልኩት። እሷ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና ሠላሳ ስምንቱን አንድ በአንድ ዘረጋችለት።

"አባባ፣ እዚህ ጋ ይንኩት እስቲ። ይሄንንም፣ እዚሁ ጋ።"

ሁሉም የሳሳው ግራ ሽንጡ ላይ ነበር። አባባ ሁሉንም ዳሰሰና ቀኝ ትከሻውን ያዘ።

"ትከሻዬን ካመመኝ ወዲህ በዚህ በኩል ስፍቅ ቢላው ያመልጠኛል" አለ። "ግን እኮ አራት ዓመት ነው! አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትሰፊው?"

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! አውቅ ነበራ። መርፌው ሲነካው እየተቀደደብኝ ስንቴ ወደ ጎን ጥዬዋለሁ። እንዳይከፋው ብዬ ነው። ሁላችንም እንዳይከፋው እያልን ልፋቱን ክምር ሥር ስንቀብርበት ኖረናል።

"አውቅ ነበር አባባ" አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ግራ ሽንጡ ጋ ሲደርስ ቆዳውን አዙሮ እየዘረጋ ይፍቃል። በሚቀጥለው ጭነት ከሃምሳው ሠላሳ አንዱ ሁለተኛ፣ ስድስቱ አንደኛ ወጡ። ሥራ አስኪያጁም "ይቀጥሉ" አሉ፤ እልል ማለት ነው የቀረኝ። የወንድሜን ሚስት ይቅርታ ብጠይቃት "ኩርፊያሽ ግን አንደኛ ደረጃ ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ሳምንት አባባ ሌላ ጭነት ይዞ መጣ። አንዱን ቆዳ መዘዘና ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ።

"አንቺ በይኝ እስቲ። ስንተኛ ነው?"

ቆነጠጥኩት። ሽንጡ ጋ ሳሳ ብሏል። አባባ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ሦስተኛ ነው፣ አባባ።"

"እሰይ ልጄ" አለና ቆዳውን ተቀበለኝ። "በይ ይሄኛውንስ?"